አጭሯን ቦርድ አልመልስም

ሻጩ ራሱ ሊሸጥልኝ አልፈለገም።

ጆርጂያ ውስጥ ታይቢ ደሴት ላይ፣ ከባሕሩ ዳርቻ አንድ መንገድ ገባ ብላ ያለች ትንሽ ሱቅ ነበረች፤ ግድግዳዋ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሰርፍ ቦርድ፣ ሞገድ ላይ ቆመው የሚንሸራተቱበት ሳንቃ፣ ተደርድሯል። ከመካከላቸው ጠርዟ ቢጫ የሆነ፣ ሰባት ጫማ ያህል ርዝመት ያላትን አንድ ያገለገለች ቦርድ አውርጄ ብብቴ ሥር ያዝኳት። ሰውየው እስካሁን በምን ስጫወት እንደቆየሁ ጠየቀኝ። ዘጠኝ ጫማ በሚሆን ትልቅ ቦርድ እንደሆነ ነገርኩት። እንግዲያው እሱ ይበቃሻል አለኝ። የእኛ ሞገድ ትንሽ ነው፣ ለትንሽ ሞገድ ትልቅ ቦርድ ይሻላል፣ ከአትላንታ ድረስ እየነዱ በወር አንዴ ወይ ሁለቴ ብቅ የሚሉ ሰዎች አጭሩን ይገዙና ብዙም ሳይቆዩ መልሰው ያመጡታል እያለ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን በንግግሩ መሀል «እንዳንቺ ያለ ሰው» የምትል ነገር ደጋግሞ ጣል ያደርግ ነበር። የትኛዋን እኔን ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም፤ ሴቷን፣ ጥቁሯን፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት የቀራትን፣ ወይስ ባሕር በሌለው ከተማ የምትኖረውን። ካርዴን አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አኖርኩለት። ሒሳቡን ሠራ፤ እኔም ቦርዷን ይዤ ወጣሁ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ አጋማሽ ነው። እኔና እናቴ አሜሪካ የገባነው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ እኔ ገና ሃይስኩል ሳልጀምር ነበር። መጀመሪያ አትላንታ ዳርቻ ስቶን ማውንቴን አፓርትመንት ተከራየን፤ እናቴ ኤርፖርቱ አጠገብ ፓርኪንግ ውስጥ ካሸር ሆና ሠራች፤ እኔ ኬኔሶ የሚባል ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ ሆስፒታል ውስጥ ራጅ አንሺ ሆንኩ። ከዚያ ሊልበርን ውስጥ አንድ ታውንሃውስ ገዝተን አብረን ገባን። አባቴን በልጅነቴ ነው ያጣሁት፤ እኅትም ወንድምም የለኝም። እናቴ አገር ቤት የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች፤ ፓርኪንግ ውስጥም ሆና አስተማሪነቷ አልለቀቃትም። ብርጭቆ በግራ እጅ ሲነሳ፣ አንሶላ በግድየለሽነት ሲታጠፍ፣ ሰው ጎብጦ ሲቀመጥ ካየች ሳታርም አታልፍም።

ሰርፊንግ ያስጀመረችኝ እዚያው ራጅ ክፍል አብራኝ የምትሠራ ሴት ነች። ያደገችው ሳቫና አካባቢ ስለሆነ ባሕሩ ለእሷ እንደ ግቢዋ ነው። እኔ የምዋኘው ኬኔሶ ሳለሁ ለክሬዲት ብዬ በወሰድኩት የዋና ክላስ ብቻ ነበር። አንድ በጋ ይዛኝ ወረደችና በራሷ ትልቅ ቦርድ ላይ አስተኝታ ከኋላ ገፋችኝ። ቆምኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለታችንም ከሥራ ኦፍ በሆንንበት ቅዳሜ ሁሉ አራት ሰዓት ነድተን ታይቢ እንወርድ ጀመር።

ትልቁን ቦርድ አልጠላሁትም። ሰፊ ነው፣ ወፍራም ነው፣ በደረትህ ብትተኛበት እንደ ፍራሽ ይሸከምሃል። ግን ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ነገር ያናድደኝ ጀመር። ሞገዱን ከያዝኩ በኋላ ቦርዱ ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ይሄዳል እንጂ ልጠምዝዘው ብል አይሰማኝም። የሚሰበር ሞገድ ፊት ለፊት ሲመጣ ደግሞ ከእጄ ነጥቆ ይወረውረዋል። አቅጣጫ የሚመርጠው እሱ ነበር፤ እኔ ተሳፋሪ ነበርኩ። አጭር ቦርድ የያዙት ሰዎች ግን ከጎኔ እየታጠፉ፣ ሞገዱን ተከትለው ሲሄዱ አያለሁ። እኔም እንደዚያ መሄድ እፈልግ ነበር። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም፤ ሌላ ምክንያት ያስፈልገኛል ብዬም አላሰብኩም።

ባልደረባዬ አጭሯን ቦርድ ይዤ ስወጣ አይታ ሳቀች። ቢያንስ አንድ ዓመት ብትቆዪ ይሻል ነበር አለች። ቢሆንም መኪናዋ ጣሪያ ላይ አብራኝ አሰረችልኝ፤ እዚያው ቀን ልሞክራት ወረድን።

መቆም ይከብደኛል ብዬ ነበር የፈራሁት። መቆም ድረስ መች ደረስኩና። ደረቴን ቦርዷ ላይ አሳርፌ ገና አንድ እጄን ውሃ ውስጥ ስሰድ ወደ ግራ ገለበጠችኝ። ተመልሼ ወጣሁባት፤ ወደ ቀኝ ገለበጠችኝ። ወደ ፊት ጠጋ ስል አፍንጫዋ ይሰምጥና ውሃው ፊቴ ላይ ይመጣል። ወደ ኋላ ስል አፍንጫዋ ሰማይ ያያል፣ ጭራዋ ይሰምጣል፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ብቀዝፍም ካለሁበት ፈቀቅ አልልም። ትልቁ ቦርድ ላይ የትም ብተኛ፣ እንዴትም ብቀዝፍ ችሎኝ ኖሯል ለካ፤ የመቅዘፍ ችሎታ አለኝ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ የተኩራራሁት የቦርዱን ችሎታ ነበር።

ከወዲያ ቦርዳቸው ላይ ተቀምጠው ሞገድ የሚጠብቁ ወንዶች ነበሩ። አንደኛው ጮክ ብሎ ጀልባዋን መልሱላት አለ፣ ትልቁን ቦርድ ማለቱ ነው፤ ሌሎቹ ሳቁ። ባልደረባዬ ቀርባ ትልቁን ልስጥሽ፣ ዛሬ ቀንሽ አይደለም አለችኝ። አመሰግናለሁ አልፈልግም አልኳትና ውሃው ወገቤ ድረስ ወደሚደርስበት ተመልሼ ስወጣና ስወድቅ ዋልኩ። አንድም ሞገድ አልያዝኩም። ወደ አትላንታ ስንመለስ ክንዴ ዝሎ መሪ መያዝ ስላቃተኝ ሙሉውን መንገድ የነዳችው እሷ ነበረች።

እናቴ በር ከፍታ መጀመሪያ ያለችኝ «ጠቆርሽ» ነው። ሁልጊዜም መጀመሪያ የምትለው እሱን ነው። ከዚያ ቦርዷን አየችና ደግሞ ሌላ መጣ ወይ ብላ ጠየቀች።

«ይቺ አጭር ናት» አልኳት።

«አጭር ከሆነች ከትልቁ ይልቅ ቶሎ ትሰምጣለች ማለት ነዋ።»

ልክ ነበረች፤ ልክ ነሽ ብዬ ግን አልነገርኳትም።

የምንሄድበት የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን ስቶን ማውንቴን ነበር። እዚያም ወሬው ደርሷል። ጨው ውሃው እያስቸገረኝ ፀጉሬን አሳጥሬ ስለተቆረጥኩ ሴቶቹ ታመሽ ነበር ወይ ይሉኝ ነበር። አንድ በጣም የማከብራቸው ሽማግሌ ከአምልኮ በኋላ ፓርኪንጉ ላይ ጠርተውኝ፣ ሻርክ ያለበት ውሃ ውስጥ መግባት እግዚአብሔርን መፈታተን እንደሆነ በለሆሳስ መከሩኝ። እርስዎ በየቀኑ በሀይዌይ ሰማንያ አምስት ይነዱ የለም ወይ አልኳቸው። ሳቅ አሉና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ሄዱ። በማግስቱ ማታ እናቴ ለሽማግሌ መልስ መስጠት ከየት ተማርሽ ብላ ተቆጣች። ከአንቺ አልኳት። 

በወር ሁለት ጊዜ ባሕር ላይ እየወደቅኩ እንደማልማር ገብቶኛል። መቅዘፍን ለብቻው መለማመድ ነበረብኝ፤ ለዚያ ደግሞ ሞገድ አያስፈልግም፣ የረጋ ውሃ ይበቃል። ሰፈራችን ውስጥ ነዋሪው ሁሉ የሚጠቀምበት መዋኛ ነበር። ጠዋት በሩ እንደተከፈተ ቦርዷን ይዤ ገባሁ። ለመዋኘት የመጣ ማንም አልነበረም፤ ግን በመስኮት የሚያይ ነበረ መሰለኝ፣ ብዙም ሳልቆይ የሰፈሩ ኮሚቴ አባል የሆነች ሴትዮ በነጠላ ጫማዋ መጣች። መጫወቻ ማስገባት ክልክል ነው አለችኝ። መጫወቻ አይደለም አልኳት። ተንሳፋፊ ነገር ሁሉ መጫወቻ ነው አለች። እኔም እንሳፈፋለሁ አልኳት። አልሳቀችም። በሳምንቱ በሩ ላይ የሰርፍ ቦርድ ሥዕል ተስሎ በቀይ የተሰረዘበት ምልክት ተለጥፎ አገኘሁ። ከባሕር አራት ሰዓት በሚርቅ ሰፈር ውስጥ ያ ምልክት ለእኔ ብቻ እንደተሠራ ለማወቅ አዋቂ መጠየቅ አያስፈልግም። ፎቶ አነሳሁትና ወደ ቤት ሄጄ ቦርዷን መኪናዬ ጣሪያ ላይ ማሰር ጀመርኩ። ወደ ሰሜን ቢነዱ ሌኒየር ሐይቅ አለ፤ ሐይቁን ማንም ሊቆልፍብኝ አይችልም።

እናቴ ጋቢዋን ደርባ በረንዳ ላይ ወጣች።

«እዚያ ማን አለ?»

«ማንም የለም። ለዚያ ነው የምሄደው።»

«ማንም ከሌለ ስትሰምጪ ማን ያወጣሻል?»

«አንቺም ብትመጪ አታወጪኝም፣ እማዬ። ዋና አትችዪም።»

«እጮኻለሁ» አለችና ጫማዋን ልታደርግ ገባች።

እንዲህ ሆኖ ነው እናቴ የመጣችው። ልትረዳኝ አልነበረም፤ መንገዱን ሙሉ ተዪው ስትለኝ ነበር የሄድነው። ደርሰን ፓርክ ሳደርግ ታጣፊ ወንበሯን ዛፍ ጥላ ሥር ዘረጋች፣ ሻይዋን ከፔርሙዙ ቀዳች፣ መጽሐፍ ቅዱሷን ጭኗ ላይ አደረገችና ተቀመጠች። እኔ ውሃው ደረቴ ድረስ እስኪደርስ ገባሁና ቦርዷ ላይ ወጣሁ። ወደቅኩ። ወጣሁ፣ ወደቅኩ። ሐይቁ እንደ መስታወት ረግቶ ሳለ፣ የሚነካኝ ምንም ነገር ሳይኖር፣ ብቻዬን እየተገለበጥኩ መውደቄ ከባሕሩ የበለጠ አሳፈረኝ። እናቴ አንድም ጊዜ አልጮኸችም። ስንመለስ ኢንተርስቴቱ አውራ ጎዳና ላይ ከገባን በኋላ ነው የተናገረችው። ይህን ሁሉ ነዳጅ አቃጥለሽ የመጣሽው ለመታጠብ ከሆነ ቤትም ውሃ አለ አለችኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልቀዝፍም ብዬ ወሰንኩ። እጆቼን ከውሃ አውጥቼ ዝም ብዬ መተኛት ብቻ። እሱንም አልቻልኩም፤ ግን ስወድቅ ለምን እንደምወድቅ ማስተዋል ጀመርኩ። ቦርዷ አጭር ስለሆነች የምትሸከመኝ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ነው። ከዚያች ቦታ አንድ ጣት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ካልኩ ታኮርፋለች። ቦታዋን ሳገኛት አፍንጫዋ ከውሃው በላይ ትንሽ ብቻ ብቅ ይላል፤ እኔም ደረቴ በየት በኩል እንዳረፈ አይቼ እዚያ ላይ ቦርዱ እንዳያዳልጥ በሚቀባው ሰም ወፍራም መስመር አሰመርኩ። ከዚያ በኋላ በወጣሁ ቁጥር ደረቴን መስመሯ ላይ አሳርፋለሁ፤ ፍለጋው ቀረ። ፊትና ኋላው ተስተካከለ ማለት ነው። ግራና ቀኙ ግን ገና ነበር።

በዚያ መሀል ነው እናቴ ያስተማሪነቷ ዛር የተነሳባት። እኔ እየቀዘፍኩ ስወድቅ ከዛፉ ሥር ድምፅዋ መጣ።

«እግርሽ ተከፍቷል።»

«ምን?»

«እግርሽ! አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ ሆኗል። ግጠሚው።»

ተቆጣሁ። እግሬ ተገጥሞ እንደነበር እርግጠኛ ነበርኩ። ዞር ብዬ ሳይ በቦርዷ ግራና ቀኝ ተንጠልጥለው ውሃ ውስጥ ይጎተታሉ። ትልቁ ቦርድ ላይ ሁለት ዓመት እንደዚያ ተኝቻለሁ፤ ማንም አላረመኝም፣ ቦርዱም አልተቀየመም። አጭሯ ግን አንድ እግር ወደ ውጭ ሲወጣ አብራ ታዘነብላለች። ገጠምኩት፤ ጉልበቴንም ቁርጭምጭሚቴንም። ከዚያ አንገትሽን ቀና አድርጊ፣ የጠፋብሽ ነገር አለ እንዴ አለችኝ። ቀና አልኩ። ፊት ለፊት ካለው ዳር አንድ ዛፍ መርጬ እሱን እያየሁ ቀዘፍኩ። ጭንቅላቴ ሲረጋ ትከሻዬ ረጋ። ቀኝ እጅሽ ይቸኩላል አለች። ቸኩሎ ነበር።

ያን ቀን ከመውደቄ በፊት አሥር ጊዜ ቀዘፍኩ። ከውሃው ወጥቼ አየሽ ወይ አልኳት። እንዳየች፣ ይህ ሁሉ ግን የሴት ልጅ ሥራ እንዳልሆነ፣ በዚያ ላይ ቆዳዬ እንደተበላሸ ነገረችኝ። ስለ አቀዛዘፌ ስትናገር አንዲት ሴት ነበረች፣ ስለ መቅዘፌ ስትናገር ሌላ ሴት። ሁለቱ በአንድ ወንበር ላይ እንዴት እንደሚቀመጡ ዛሬም አይገባኝም።

ስለ ቆዳዬ ያሳሰባት በምክንያት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን አንዲት እናት ኬኔሶ የሚኖር፣ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ጨዋ ልጅ አለ ብለው ለቅዳሜ ምሳ ከታላቅ እኅቱ ጋር እንዲመጣ አስማምተው ነበር። እናቴ እስከዚያ ቀን ፀሐይ ላይ አትውጪ ብላ ለመነችኝ። ለመነችኝ ነው የምለው፤ እናቴ ልመና ስለማታውቅ ልቤ ተነካ። ግን ኦፍ የምሆነው ያን ቅዳሜ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ሺፍት አለብኝ። ጠዋት ሐይቅ እሄዳለሁ፣ ለምሳ እደርሳለሁ አልኳት። ብትሄጂ አልመጣም አለች። ብቻዬን ሄድኩ።

መንገድ ተጨናንቆ ዘገየሁ። ስደርስ እንግዶቹ ገና ከመኪና እየወረዱ ነው። ፀጉሬ ርሷል፣ አፍንጫዬ ተልጧል፣ ጣሪያዬ ላይ ቦርድ ታስሯል። ልጁ ሰላም ብሎኝ ገመዱን ፈታልኝ፤ ጨዋ ነበር፣ ያስማሙት እናት አልዋሹም። ምሳው ላይ የጠየቀችኝ እኅቱ ናት። ከትዳር በኋላም፣ ልጅ ከመጣ በኋላም ትቀጥያለሽ ወይ አለችኝ። እናቴ ሰላጣውን ወደ እኔ ገፋችው፤ አፍሽን ያዥ ማለቷ ነው።

«እቀጥላለሁ» አልኩ።

«ባልሽ ባይወድስ?»

«ባይወድ እሱ ዳር ላይ ይቀመጣል።»

ልጁ ሳቀ፤ እኅቱ አልሳቀችም። በልተው፣ ጸልየው፣ አመስግነው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ አልደወሉም። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችኝም። እኔም ይቅርታ አልጠየቅኩም፤ የዋሸሁት ነገር አልነበረም። ሁለቱ የሺፍት ሳምንታት አልፈው ቅዳሜ ጠዋት ቦርዷን ይዤ ስወጣ እናቴ መኪናው ውስጥ ተቀምጣለች፤ ፔርሙዙ እግሯ ሥር ነው። ቁልፉን አስገባሁ። ወደ ሐይቁ ነዳሁ።

እንዲህ እያለ በጋው አለፈ። ቀዘፋዬ ተሻሻለ፣ ግን አሁንም ሰውነቴ ቶሎ ይደርቃል፣ ትንሽ ሄጄ እንደ እንጨት ግትር ስል ቦርዷ ትንቀጠቀጥና እወድቃለሁ። ምክንያቱን ያገኘሁት ሥራ ቦታ ነው። አንዲት አሮጊት ታካሚ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቼ እንደልማዴ ትንፋሽዎን ይያዙ፣ አይንቀሳቀሱ አልኳቸው። ያዙ። ፎቶውን አነሳሁ። ካነሳሁ በኋላ ይተንፍሱ ማለት ረስቼ ስዞር ሴትዮዋ አሁንም ትንፋሻቸውን ይዘው፣ ትከሻቸው ጆሯቸው ሥር ተሰቅሎ፣ ጣታቸው ጠረጴዛውን ጨምድዶ አየሁ። ቶሎ ይተንፍሱ አልኳቸውና እየሳቁ ለቀቁት፤ ወዲያው መላ ሰውነታቸው ተዘረጋ። እኔ ቦርዷ ላይ የምሆነው ልክ እንደዚያ ነበር። ከመጀመሪያው ቀዘፋ ጀምሬ እስክወድቅ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምቆየው፤ መተንፈስ የምጀምረው ውሃ ውስጥ ነበር።

በሚቀጥለው ጊዜ ሐይቁ ላይ እየተነፈስኩ ቀዘፍኩ። ሌላ ምንም አልቀየርኩም። አንዱን እጅ ስሰድ ወደ ውስጥ፣ ሌላውን ስሰድ ወደ ውጭ። እጄን ከቦርዷ ጠርዝ አጠገብ ቀስ ብዬ አስገብቼ ረዘም አድርጌ ወደ ኋላ መሳብ፤ ውሃውን መደብደብ የለም። ሆዴን ያዝ አደረግኩ፣ ትከሻዬን ለቀቅኩ። ቦርዷ ዝም አለች። የመረጥኩት ዛፍ እየተጠጋ መጣ፤ ቅርፊቱ ሲታየኝ ነው ሐይቁን መሻገሬን ያወቅኩት። እዚያ ማዶ ሆኜ ዞር ስል እናቴ ቆማ፣ አንድ እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ታየኛለች። መጽሐፉ መሬት ወድቋል።

ስመለስ መሀል ላይ አንድ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ሞተር ጀልባውን እያበረደ ወደ ዳር ተጠጋ። እኔን ሳይሆን እናቴን ነበር ያናገራት። ባሕሩ በዚያ በኩል ነው፣ ልጅሽ መንገድ ተሳስታለች ወይ አላት እየሳቀ። የእናቴ እንግሊዝኛ የፓርኪንግ እንግሊዝኛ ነው፤ አጭር ነው፣ ግን ሰው ያስቆማል፣ ሰው ያሳልፋል።

«ሥራ ላይ ነች» አለችው። «አንተ እለፍ።»

ሰውየው ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደቀረ ሞተሩን አስነስቶ ተፈተለከ። ጀልባው ያስነሳው ሞገድ ወደ እኔ መጣ፤ አንዱ፣ ከኋላው ሌላው፣ ከኋላው ሌላው። እስከዚያ ቀን ድረስ ጀልባ ባለፈ ቁጥር ወድቄያለሁ። እግሬን ገጠምኩ፣ ተነፈስኩ፣ መቅዘፌን አላቆምኩም። ቦርዷ ከፍ አለች፣ ዝቅ አለች፣ ወደ ጎን ዘንበል ብላ ተመለሰች። አልወደቅኩም። እዳር ስደርስ እናቴ ወንበሯን እያጠፈች ያን ባለጌ ትረግመዋለች። እኔ ስላልወደቅኩበት ነገር አንዳችም አላለችም።

መከር ሲገባ ባሕሩ ማዶ ማዕበል ተነስቶ እንደነበር ባልደረባዬ ሰማች። እንዲህ ሲሆን ያቺ ሁልጊዜ ለስላሳ የሆነችው ታይቢም ለጥቂት ቀን ደህና ሞገድ ታገኛለች። ሐሙስ ዕለት ራጅ ክፍል ውስጥ ቅዳሜ እንውረድ አለችኝ፤ ሞገዱ ከበድ ስለሚል ግን ትልቁን ላምጣልሽ አለች። አታምጪ አልኳት። ማታ ለእናቴ ስነግራት ቅዳሜ ሥራ አለብኝ አለች። ዓርብ ማታ ሥራዋን ከሌላ ሴት ጋር ተቀይራለች።

ባሕሩን ከቅርብ ስታይ ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳቫናን አልፈን ድልድዩን ስንሻገር መስኮቱን ዝቅ አደረገች። አሸዋው ላይ ወንበሯን ዘርግተንላት ከባልደረባዬ ጋር ወደ ውሃው ስንሄድ፣ ሞገዱ እየተሰበረ ከሚያሰማው ድምፅ በላይ ጮኻ አማርኛ የማይገባው ሰው ሁሉ የሚገባው አድርጋ «ተመለሺ» አለች። አልተመለስኩም።

ሞገዱ የትከሻ ቁመት ነበረው፤ ለእኔ ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ፊቴ ላይ ተሰብሮ ጠቅልሎ ወሰደኝ። ተመልሼ ደረቴን መስመሩ ላይ አሳረፍኩና ቀዘፍኩ። ሁለተኛው ሲመጣ የቦርዷን አፍንጫ ተጭኜ ከሥሩ አለፍኩ፤ በትልቁ ቦርድ የማይሞከር ነገር ነው። ከዚያ ሦስተኛው። ከሞገዱ ወዲያ፣ ውሃው ከሚረጋበት ስደርስ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ፤ አጭር ቦርድ፣ የደረቀ ፊት። አንዱ ሞገድ የሚይዙበት መስመር መሀል ላይ መሆኔን በእጁ አሳየኝ፣ ወደ ዳር ሂጂ ማለቱ ነው። አልሄድኩም፤ ተራዬን ይዤ ተኛሁ።

ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ውሃው አበጠ። ቀዘፍኩ። ከትልቁ ቦርድ ይልቅ ዘግይቶ ነው የሚያነሳት፤ አልያዝኩትም ብዬ ተስፋ የምቆርጥበት ቅጽበት አለ፤ እዚያ ላይ አቁሜ ስንት ሞገድ አሳልፌያለሁ። አላቆምኩም። ጭራዋ ተነሳ፣ እግሬ እንደተገጠመ ነበር፣ አላዘነበለችም፤ ተነሳሁ። ወደ ግራ አየሁ፤ ቦርዷም ወደ ግራ ሄደች። ቀጥ ብላ ወደ ዳር አልሄደችም። ውሃው በግራዬ በኩል እንደ ግድግዳ ቆሞ እኔ ከጎኑ ነበርኩ፤ ምናልባት የሦስት ትንፋሽ ያህል። ከዚያ ግድግዳው ወደቀና እኔም ወደቅኩ።

ስወጣ እናቴ ከወንበሯ ተነስታ ውሃው ጫፍ ድረስ መጥታለች። ቀሚሷ ጠርዙ ርሷል። ባልደረባዬ ከኋላዬ እየጮኸች መጥታ አቀፈችኝ፤ እሷም ርሳ፣ እኔም ርሼ። እናቴ ጠበቀች። ባልደረባዬ ፎጣ ልታመጣ ወደ መኪናው ስትሄድ ነው የቀረበችኝ።

«አየሁሽ» አለች። «ችለሻል።»

«ችያለሁ።»

«እንግዲህ ይበቃል። መቻልሽን ሁሉም አይቷል። የሰደበሽም አይቷል፣ እኔም አይቻለሁ። አሁን ተዪው።»

እልኸኛ ሆኜ እንጂ ወድጄው የማደርገው አልመሰላትም ነበር፤ ያኔ ገባኝ። ለሰው ለማሳየት ብሎ የተነሳ ሰው ካሳየ በኋላ ያርፋል፤ እሷም ያንን ቀን ነበር ከዛፍ ሥር ተቀምጣ፣ እግር እያስገጠመች፣ አንገት እያስቀናች ስትጠብቅ የቆየችው። ቶሎ እንድችልና ቶሎ እንድተወው ነበር ያረመችኝ።

«አልተወውም፣ እማዬ» አልኳት። «ይህን ሁሉ የተማርኩት ልጀምር ነው።»

 እናቴ ስትሸነፍ አይቻት አላውቅም፤ ያን ቀንም አልተሸነፈችም። እንግዲያው በሚቀጥለው ሳምንት ቤት ነው የምቀመጠው፣ ብቻሽን ነጂ አለችኝ። እሺ አልኳት። እግሯ ላይ የተለጠፈውን አሸዋ እያራገፈች ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

እንዳለችውም በሚቀጥለው ሳምንት ቤት ቀረች። ከዚያ በኋላ አንዳንዴ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ትቀራለች፤ ተዪው ማለቷን ግን እስከ ዛሬ አላቆመችም። ያን ቅዳሜ ባልደረባዬ ፎጣ ይዛ ስትመለስ ብርድ ጀምሯል፤ ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ እንሂድ፣ መንገዱ ረጅም ነው አለች። ፎጣውን ተቀብዬ እናቴ ትከሻ ላይ ጣል አደረግኩት። ቦርዷን አነሳሁ፣ ከቦርዷ ጋር የሚያያይዘኝን ገመድ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰርኩና ተመልሼ ገባሁ።